እውነት ጽፎ መከሰስ፦ ስለ ስም ማጥፋት ወንጀልና መከላከያዎቹ የተካሄደ ውይይት

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ጥያቄውን ያስቀመጠው በአጭሩ ነበር። የሰፈሩ እድር አባል ነው። ገንዘብ ያዡ ያለ ቃለ ጉባዔ ከባንክ ገንዘብ ማውጣቱን ሲያይ የባንክ ደብተሩን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው፤ ከፎቶው ሥርም ሦስት መስመር ጻፈ። ገንዘብ ያዡ ስሜ ጠፋ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ አስገባ፤ ጠያቂው ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የጻፈው እውነት ከሆነ፣ ማስረጃውም በእጁ ካለ፣ በወንጀል እንዴት ሊጠየቅ ይችላል?

እኔ በዚህ መድረክ ላይ የሕግ ጥያቄዎችን ከሚከታተሉት ጠበቆች አንዱ ነኝ። መልሶቹን ሰብስቤ የማቀርበው ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ነገ እዚያው ቦታ ሊቆም ይችላል፤ ብዙው ሰው ደግሞ ሕጉን የሚያውቀው መጥሪያ ሲደርሰው ነው።

1ኛው መልስ ሰጪ አጽናናው። እውነት የተናገረ ሰው አይከሰስም፣ ቢከሰስም ነጻ ይወጣል፣ ደብተሩን ይዘህ ሂድና ቃልህን ስጥ አለው። 2ኛው ተስማማ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ መረቀውና ሄደ። ሁለቱም በቅንነት የጻፉ ናቸው፤ ምክራቸው ግን አደገኛ ነበር።

3ኛ የመጣችው የሕግ ተማሪ ነች፤ ይቅርታ ጠይቃ አረመቻቸው። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትና የሐሰት ሐሜት የሚላቸውን ለያይቶ ይደነግጋል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚያወራ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። ነገር ግን የሌላውን ሰው ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ወገን የተናገረ ሰው፣ የተናገረው እውነት ቢሆንም እንኳ ሊቀጣ ይችላል። መከላከያው ያለው እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው፦ እውነትነቱን ከማስረዳት ጋር ለሕዝብ ጥቅም ወይም ለበለጠ በጎ ዓላማ መናገሩን ያሳየ፣ በሳይንስ፣ በኪነ ጥበብ ወይም በሙያ መስክ ያለ ጉዳት ሐሳብ ሒስ የሰጠ፣ የሥራ ግዴታውን ሲወጣ ወይም መብቱን ሲያስከብር የተናገረ ሰው አይቀጣም። ስለዚህ ጠያቂው ከደብተሩ በተጨማሪ ለምን እንደጻፈ ማስረዳት ይኖርበታል አለች። ከተማሪ የማይጠበቅ ጥራት ያለው መልስ ነበር።

4ኛው ተቆጣ። ታዲያ ይህ ሌባን የሚጠብቅ ሕግ ነው፣ የተዘረፈው ሰው ፍርድ ቤት የሚንከራተትበት፣ የዘረፈው የሚካስበት አገር የትም የለም እያለ ዘለግ አድርጎ ጻፈ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ተማሪዋን የሕጉ ጠበቃ አድርጎ መዝለፉ ግን ተገቢ አልነበረም።

5ኛው መልስ የመጣው ጡረታ ከወጡ አንድ ዳኛ ነው። ስለ ሕጉ ምንም ሳይሉ፣ ልጄ፣ የጻፍካቸውን ሦስት መስመሮች ሳትቀንስ ሳትጨምር አስነብበን አሉት። በ6ኛው ጠያቂው የሦስቱንም ይዘት ገለጠ። የመጀመሪያው መስመር ገንዘቡ የወጣበትን ቀንና መጠኑን ይናገራል፣ ቃለ ጉባዔ አለመኖሩንም ይጨምራል። ሁለተኛው ገንዘብ ያዡን በስሙ ጠርቶ ሌባ ይለዋል። ሦስተኛው ስለ ሰውየው ትዳር የሚነገር ነገር ነው።

7ኛው የዳኛው ነው፤ ከክሩ ሁሉ የሚረዝመውም ይኸው ነው። መስመሮቹን አንድ በአንድ ለያዩዋቸው። የመጀመሪያው የሚታይና የሚመረመር ድርጊት ይናገራል፤ ደብተሩ ያረጋግጠዋል፤ የተላከውም ገንዘቡ የጋራ ለሆነባቸው አባላት ነው። እዚህ ላይ ጠያቂው በደንብ ሊከላከል ይችላል፤ ለመላው ዓለም በፌስቡክ ሳይሆን ለአባላቱ ብቻ መላኩም ለዓላማው ምስክር ይሆነዋል። ሁለተኛው መስመር ላይ ነገሩ ይለወጣል። ያለ ቃለ ጉባዔ ገንዘብ ማውጣት የታየ ነገር ነው፤ ሌባ ማለት ግን ከታየው አልፎ ስለ ሰውየው ሐሳብ የተሰጠ ፍርድ ነው። ገንዘቡ ድንገት ለደረሰ ቀብር ወጥቶ ቃለ ጉባዔው ኋላ ሊጻፍ ታስቦ ቢሆንስ? ደብተሩ ገንዘብ መውጣቱን እንጂ መሰረቁን አያስረዳም። ሦስተኛው መስመር ግን እውነት ቢሆን እንኳ ለእድሩ አባላት የሚጠቅማቸው ነገር የለውም፤ የጋራ ጥቅም የሚለው መከላከያ እርሱ ጋ አይደርስም። ከዚያም የከፋ ነገር አለ አሉ ዳኛው፦ ፍርድ ቤት የተከሳሹን ሐሳብ የሚፈልገው ከጽሑፉ ሙሉ አካል ነው። አንዲት ጠብታ ነዳጅ የማሰሮውን ውሃ ሁሉ እንደምታበላሽ፣ ሦስተኛው መስመር የመጀመሪያውንም በጥላቻ የተጻፈ ሊያስመስለው ይችላል።

እኔ በሙያዬ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ሰዎች የሚጠቁት በጻፉት እውነት ሳይሆን ከእውነቱ ጎን በንዴት በጨመሩት ነው። ቀኑን፣ መጠኑንና ሰነዱን አስቀምጦ መደምደሚያውን ለአንባቢ የተወ ሰው ከሞላ ጎደል በአስተማማኝ ቦታ ላይ ይቆማል።

8ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ማንም ያልነካውን ሕግ አነሳሁ። ጽሑፉ የተላለፈው በቴሌግራም ስለሆነ ዐቃቤ ሕግ አንቀጽ 613ን ትቶ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ሊመርጥ ይችላል። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 3 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ድምፅ ያሰራጨ ሰው፣ የግል አቤቱታ ሲቀርብበት፣ ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም በሁለቱም እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ጠያቂው ያንኑ ነገር በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ በአፉ ቢናገረው ኖሮ የሚገጥመው የወንጀል ሕጉ ነበር፤ እዚያ እውነት ለሆነ ንግግር የሚጣለው ቅጣት ከዚህ የቀለለ ነው፣ መከላከያዎቹም ተዘርዝረዋል። በ958 ውስጥ ግን ስለ እውነትም ስለ ሕዝብ ጥቅምም አንድም ቃል የለም። እኔ የምከራከረው የወንጀል ሕጉ መከላከያዎች እዚህም መሥራት አለባቸው ብዬ ነው፤ ምክንያቱም ስም ማጥፋት ምን እንደሆነ የሚነግረን ያ ሕግ እንጂ ይህ አዋጅ አይደለም። ትርጉሙን ከአንዱ ወስዶ መከላከያውን መተው ፍትሕ አይሆንም።

በ9ኛው አንድ ጋዜጠኛ መጣ፤ ሁላችንም ጊዜ ያለፈበት ነገር እያወራን እንደሆነ ነገረን። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ስም ማጥፋት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል፣ ከዚህ በኋላ የሚታሰር ሰው የለም አለ። የቀድሞውንም አስታወሰ፦ አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመገናኛ ብዙኃን ስሙ ለጠፋ ሰው እስከ 100,000 ብር የሞራል ካሳ ይፈቅድ ነበር፤ በመንግሥት ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች ስም ጠፋ ሲባል ደግሞ ባለጉዳዩ ክስ ባይፈልግ እንኳ መንግሥት መክሰስ ይችል ነበር። ባልደረቦቹ በዚያ ዘመን ስለደረሰባቸው የጻፈው ክፍል ልብ ይነካል።

10ኛው አልራራለትም። አዋጁ የሚጠብቀው መገናኛ ብዙኃንን እንደሆነ፣ የእድር አባል ደግሞ ኤዲተርም ፈቃድም የሌለው ተራ ሰው እንደሆነ ጠቅሶ፣ ጋዜጠኞች የራሳቸውን በር ከፍተው ሲገቡ ሌላውን ሕዝብ ደጅ ጥለውት መግባታቸውን አላስተዋሉም አለ። ጋዜጠኛው መልሶ ሰደበው፤ ወዲያና ወዲህ ተባባሉ። ቃሉ መረር ቢልም 10ኛው ልክ ነበር፤ ይህ ውይይት ወደ አደባባይ መውጣት ያለበትም በዚህ ነጥብ ምክንያት ነው። ዛሬ በአገራችን ስለ አንድ ሹም ሙስና በጋዜጣ የሚጽፈው ባለሙያ የእስር ሥጋት ተነሥቶለታል፤ ያንኑ ሹም በቀበሌ አገልግሎት ተበድላ በገጿ ላይ የጻፈች እናት ግን 3 ዓመት እላይዋ ላይ ተንጠልጥሏል። የመከራከር ልምድ ያለው፣ ጠበቃ መቅጠር የሚችለው፣ የሚናገርለት ተቋም ያለው ተጠበቀ፤ ምንም የሌላት ቀረች።

ከ11 እስከ 14 ያሉት መልሶች ሼር ወደማድረግ አመሩ። አንዷ የጠያቂውን ጽሑፍ ለሌላ ግሩፕ ያስተላለፉት ሰዎችም ይጠየቃሉ ወይ ብላ ጠየቀች። አንዱ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም ብሎ አረጋጋት። 3ኛዋ የሕግ ተማሪ ተመልሳ ያ አዋጅ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት እንደሆነ፣ ለስም ማጥፋት ክስ ከእርሱ ትርጉም መዋስ እንደማይቻል አስረዳች። በ958 የሚያስቀጣው ማሰራጨት ነው፤ ሼር ያደረገ ሰው አላሰራጨሁም ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። ሐሰትነቱን ሳያውቅ ወይም ለመጉዳት ሳያስብ ማስተላለፉ ግን ሊያነሳው የሚችለው ክርክር ነው።

15ኛው ብልሃት አገኘሁ አለ፦ ስም አለመጥራት። የሰፈሩን ምልክት፣ የመኪናውን ቀለም፣ የሰውየውን አካሄድ ጠቅሶ ስሙን መተው። ከዚያ ነገሩ ወደ ቅኔ ሄደ፤ 16ኛው አባቶቻችን በሰምና ወርቅ ሹሙን ሲነኩት ሰሙን ይዞ የሚከሳቸው አልነበረም አለ፣ 17ኛው አዝማሪ ሲሰድብ እየሳቁ ሽልማት የሚሰጡ መኳንንት እንደነበሩ አወራ፣ 18ኛው ሁለት ስንኝ ሞከረ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። በመጨረሻ አድሚኑ ወደ ጉዳዩ መለሳቸው። ለ15ኛው ግን መልስ ያስፈልገዋል፦ አንባቢው ስለማን እንደተጻፈ ካወቀ ስሙ ተጠራ አልተጠራ ለውጥ የለውም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ድብብቆሽ ጸሐፊው አደጋውን እያወቀ መጻፉን ያሳይበታል።

19ኛው የክሩን አየር ለወጠው። ጸሐፊው ራሱ የሌላ እድር ገንዘብ ያዥ ነበር። አንድ አባል ገንዘብ አጉድሏል ብሎ በግሩፑ ላይ ጻፈበት፤ ኦዲተር ተመርጦ ሒሳቡ ሲመረመር አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ኦዲተሮቹ ውጤቱን በዚያው ግሩፕ ለጠፉት፤ ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነበር። ክሱን ያነበቡት ሌሎቹ ናቸው። ሚስቱ ለቅሶ ቤት ስትገባ ወሬ የሚቋረጥባት ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደነበር፣ ልጁ በትምህርት ቤት እንደተነካበት፣ እርሱም ከኃላፊነቱ በፈቃዱ እንደወረደ ጻፈ። ማንንም አልከሰሰም፤ ስም ከመቃብር በላይ የሚውል መሆኑን ግን አትርሱ ብሎ ጨረሰ።

20ኛው ንጹሕ ብትሆን ኖሮ አትወርድም ነበር አለው። እንዲህ ዓይነት ክፋት ሳይ ያመኛል። 21ኛዋ ተቆጥታ ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገረችው፤ አልጠየቀም፤ አድሚኑ መልሱን አጠፋው። ተማሪዋ ደግሞ ከዚህ ተነሥታ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ምን እንደሚል ጨመረች። በአንቀጽ 2044 መሠረት ሕያው የሆነን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲዋረድ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በማድረግ ስሙን፣ መታመኑን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ኃላፊ ይሆናል። በአንቀጽ 2047 ግን የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ለመጉዳት ብቻ አስቦ ካልሆነ በቀር፣ አይጠየቅም። የ19ኛው ጸሐፊ ካሳ ሊጠይቅበት ይችል የነበረ መንገድ ይኸው ነው፤ ማንንም ወደ ወህኒ ሳይልክ።

22ኛው መልስ ከሥነ ሥርዓት አንጻር የመጣ ነው፤ ጸሐፊው በፖሊስ ጣቢያ ሠርቷል፤ ተግባራዊ ስለሆነ ሳላሳጥር አስቀምጠዋለሁ። ስም ማጥፋት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ካላቀረበ መብቱ ይቀራል፤ ስለዚህ የተከሰሰ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀኑን ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክስ ካልመሠረተ ለተበዳዩ የግል ክስ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ሊፈቅድለት ይችላል፤ በግል ክስ ደግሞ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ሁለቱን ለማስታረቅ ይሞክራል። ለጠያቂው የሰጠው ምክር፦ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ የለጠፍከውን ነገር ሰርዘህ አትሂድ፤ ስክሪንሹቱ እነሱ እጅ አለ፣ መሰረዝህ የሚያስጠረጥርህ ራስህን ነው። ማን ግሩፑ ውስጥ እንደነበረ፣ ከመለጠፍህ በፊት ለእድሩ ዳኛ ወይም ለኦዲተር አመልክተህ ከነበረ ያመለከትክበትን ወረቀት ያዝ። ጡረታ የወጡት ዳኛ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ሦስተኛውን መስመር በተመለከተ ጠያቂው ሽማግሌ ልኮ፣ በዚያው ግሩፕ ላይ፣ የገንዘቡን ጥያቄ ሳይተው ይቅርታ ቢጠይቅ ከክሱ ግማሹ ይረግባል። ጠያቂው አመሰገናቸው፤ ስለ ትዳሩ የጻፈው እንደቆጨው፣ ስለ ገንዘቡ ከጻፈው ግን አንድ ቃል እንኳ እንደማይስብ ተናገረ።

23ኛው ነገሩን ሰፋ አደረገው፤ ስም ማጥፋት ከወንጀል ሕግ ጨርሶ መውጣት አለበት የሚል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 34 እስራት ለስም ማጥፋት በምንም ሁኔታ ተገቢ ቅጣት እንዳልሆነ ማለቱን፣ ጋና የወንጀል ድንጋጌውን እ.ኤ.አ. በ2001 መሻሯን፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የራሱን አገር ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ማለቱን አነሣ። ከሁሉ በላይ ያተኮረው በኮናቴ ጉዳይ ላይ ነው። ሎሄ ኢሳ ኮናቴ የቡርኪና ፋሶ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ስለ አንድ ዐቃቤ ሕግ በታተሙ ጽሑፎች ምክንያት 12 ወር እስራት ተፈረደበት። አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በዚህ ጉዳይ ላይ የእስራት ቅጣት የመናገር ነጻነትን የሚጥስ ነው ብሎ ወሰነ። 24ኛው ግን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 የወንጀል ድንጋጌውን እንዳጸናው አስታውሶ ዓለም በአንድ ሐሳብ አይደለም አለ፤ በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ቢሰጥም አንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል፤ አንዱ ሌላውን መዋጥ የለበትም።

25ኛዋ የመጨረሻዋ ናት፤ የጻፈችውን ደጋግሜ አነበብኩት። የቀድሞ ጓደኛዋ ፎቶዋን እየላከ ለዘመዶቿና ለሥራ ባልደረቦቿ ስለ እርሷ ያልሆነ ነገር ይጽፍ ነበር፤ አካውንቱ ሲዘጋበት ሌላ ይከፍታል፤ አሁንም አላቆመም። እናንተ ስለ እድርና ስለ ሹም ታወራላችሁ፣ እኔን ከእርሱ የሚያስጥለኝ የእስር ፍርሃት ብቻ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ክሰሺ የምትሉኝ የዳኝነቱን ማን ሊከፍልልኝ ነው፣ እርሱስ ካሳ የሚከፍለው ከምኑ ነው አለች። ከ23ኛው ጸሐፊ ጀምሮ ማንም አልመለሰላትም።

እህቴ፣ 26ኛው መልስ ለአንቺ ነው። የደረሰብሽ ነገር ከስም ማጥፋት አልፏል። እዚያው አንቀጽ 13 ውስጥ ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ መልእክት እየደጋገመ በመላክ ፍርሃት፣ ሥጋት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የሚፈጥርን ሰው ለብቻው ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው፣ ከባድ ሲሆን ወደ ጽኑ እስራት ይሄዳል። የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ የሚል ገደብም አልተጻፈበትም። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ነገ ቢሻር ይህኛው እንዳለ ይቆያል፤ እኔም እንዲነካ አልጠይቅም። ፖሊስ ዘንድ ስትሄጂ ስሜን አጠፋው ብለሽ ብቻ አትጀምሪ፤ በየጊዜው የከፈታቸውን አካውንቶች፣ የላከባቸውን ቀኖችና የተቀበሉትን ሰዎች በቅደም ተከተል ጽፈሽ፣ ስክሪንሹቶቹን ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው አትመሽ፣ አስፈራርቶኛል፣ አላቆመም ብለሽ ጀምሪ። አቤቱታውን መጻፍ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ያለ ክፍያ እጽፍልሻለሁ።